የመታወቂያ ቍጥርን ስለ ማውጣትና ስለ መጠበቅ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ስለ አንድ ቍጥር ነው፤ ይኸውም ፋይዳ ተብሎ የሚጠራው የመታወቂያ ቍጥር ነው። ፋይዳ ማለት ረብ፥ ጥቅም ማለት መሆኑን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ስሙን ያወጡለት ሰዎች መልካም ስም አውጥተውለታል፤ ነገር ግን ጠባቂ ያላገኘ ጥቅም ለሌላ ሰው ጥቅም ይሆናልና፥ ቍጥሩ እንዴት እንደሚወጣና ከወጣም በኋላ እንዴት እንደሚጠበቅ እንድንነጋገርበት ፈቅጃለሁ።

አባቶቻችን ሰውን በዘሩና በአገሩ ያውቁት ነበር። ከሩቅ የመጣ እንግዳ በደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ በተጣራ ጊዜ፥ መጀመሪያ የሚጠየቀው አገሩ ወዴት፥ አባቱም ማን እንደ ሆነ ነበር። በዳኛ ፊት የቆመ ሰው ዋስ ይጠራ ነበር፤ ዋስ ያጣ ሰው እውነተኛ ቢሆንም እንኳ ቃሉ አይታመንለትም ነበር። ርስትና ጉልት በብዙ ደብር በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ከጽሕፈቱም በታች ቃሉን የሚፍቀውን ሰው የሚያወግዝ ግዝት ይጨመርበት ነበር። ያ ሁሉ መልካም ሥርዓት ነበረ፤ ዳሩ ግን የሚሠራው ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት አጥቢያ ውስጥ ብቻ ነው። ዛሬ ግን ልጃችን ከዚህ ተነሥቶ ወደ ማያውቀው ከተማ ይሄዳል፤ ከማያውቀው ባንክ ገንዘብ ያስቀምጣል፤ በስልክ ገንዘብ ይልካል፥ ይቀበላልም። በዚያ ያለው ጸሐፊ አባቱን አያውቅም፤ እኛም እዚያ ሄደን ልንዋስለት አንችልም። የፋይዳ ቍጥር በዚያ ስፍራ ስለ ልጃችን የሚዋስለት ነገር ነው።

ነገሩ ወሬ እንዳይመስላችሁ ሕጉን ልንገራችሁ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቍጥር 1284/2015 ለዚህ ቍጥር ሕጋዊ መሠረት ሰጠው። ሥራውን የሚመራው የብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም ነው። ከዚህ በኋላ ባንኮች ቍጥሩን መጠየቅ ጀመሩ፤ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አዲስ ሒሳብ በሚከፍቱ ሰዎች ላይ ተጀምሮ ወደ ሌላው አገር እንዲደርስ የብሔራዊ ባንክ ትእዛዝ ሰጠ። በትምህርትም ነገር ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ቅጥር ውስጥ ይፈተኑ ዘንድ ሥርዓት መጣ። በገዛ ትምህርት ቤቱ የሚያውቀው መምህር የነበረው ልጅ፥ በዚያ በር ላይ የሚያውቀው የለም፤ በእጁ የያዘው ወረቀት ብቻ ይናገርለታል። ወረቀቱም የሚናገረው ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ጋራ ቃሉ ካልተስማማ፥ ልጁ ራሱ ራሱን የካደ ይመስላል።

ምዝገባው ያለ ዋጋ ነው። «መቶ ብር ስጠኝና ላስመዝግብህ» የሚል ሰው ቢመጣ የሚሸጥላችሁ የገዛ ገንዘባችሁን ነው። ካርዱን አሳትሞ መያዝ ለሚፈልግ ሰው የማሳተሚያ ዋጋ ይከፈላል፤ ቍጥሩ ግን አይሸጥም። በምዝገባ ጊዜ የሚጠየቀው ስም፥ የተወለዱበት ቀን፥ ጾታና የመኖሪያ አድራሻ ነው፤ ከዚህም ጋራ የዐሥሩ ጣት አሻራ፥ የሁለቱ ዐይን ብሌንና የፊት መልክ በመሣሪያ ይወሰዳል። ሃይማኖት አይጠየቅም፤ ብሔርም አይጠየቅም። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፍ እንደ ነበረ፥ በዚያም ምክንያት በክፉ ጊዜ በመንገድ ላይ የተጨነቀ ሰው እንዳለ ስለምታውቁ፥ ይህን ነገር አስረግጬ እናገራለሁ።

አንዳንድ ሽማግሎች «ዳዊት ሕዝቡን ቢቈጥር መቅሠፍት ወረደ» ብለው መቈጠርን ሲፈሩ ሰምቻለሁ። ፍርሃታቸውን አልንቅም፤ ገበሬ በመዝገብ ከገባ በኋላ የሚመጣበት ግብርና ዘመቻ መሆኑን በዕድሜው ያየው ነውና። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ዮሴፍ እመቤታችንን ይዞ ሊጻፍ ወደ ቤተ ልሔም መውጣቱን ይናገራል። ይልቁንም ዛሬ በመዝገብ አለመገኘት ከግብር አያድንም፤ ከባንክና ከፈተና ግን ያስቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ መዝገብ ሰውን አንድ ጊዜ ብቻ ይቀበላል። አሻራው ከሌሎቹ ሁሉ አሻራ ጋራ ስለሚተያይ፥ አንድ ሰው በሁለት ስም ሁለት ጊዜ ልመዝገብ ቢል ይታወቅበታል። ይህ ሌባን ለመከልከል የተደረገ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ለእውነተኛውም ሰው ትርጓሜ አለው፤ በመጀመሪያው ቀን የተጻፈው ስሕተት ከአሻራው ጋራ ተጣብቆ ይኖራል። ማስተካከል ይቻላል፤ ዳሩ ግን ማስረጃ ይዞ ወደ መመዝገቢያው ተመልሶ መሄድ፥ መጠበቅም ያስፈልጋል፤ ከገጠር ለሚሄድ ሰው ይህ የስንት ቀን መንገድና የስንት ቀን እርሻ እንደ ሆነ ለናንተ አልነግራችሁም።

ስሕተቱም የሚበዛው በስም ላይ ነው። ለምሳሌ ገብረ ማርያም ወልደ ሥላሴ የሚባል ሰው ቢመጣ፥ ስሙና የአባቱ ስም እያንዳንዳቸው ከሁለት ቃል የተሠሩ ናቸው። መዝጋቢው ወጣት ቢሆን፥ ሰልፉም ረዥም ቢሆን፥ በስም ዓምድ «ገብረ»፥ በአባት ዓምድ «ማርያም»፥ በአያት ዓምድ «ወልደ» ብሎ ይጽፍና ያልፋል። በዚህ ጊዜ ሰውዬው አባቱን ያጣል፤ አያቱም ከነጭራሹ ይጠፋል። እንዲሁም ደግሞ ፀሐይ የሚለው ስም በኛ ፊደል በ«ፀ»ም በ«ጸ»ም፥ በ«ሐ»ም በ«ሀ»ም ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል ሲገለበጥማ አጻጻፉ እንደ ጸሐፊው ብዛት ይበዛል። እንግዲህ ልጁ ወደ ምዝገባ ከመሄዱ በፊት፥ መምህሩ ስሙን፥ የአባቱንና የአያቱን ስም በሁለቱም ፊደል በንጹሕ ወረቀት ላይ ጽፎ፥ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ጋራ አስተያይቶ ይስጠው። ልጁም በቃል ከመናገር ይልቅ ወረቀቱን ያሳይ፤ መዝጋቢውም ጽፎ ከጨረሰ በኋላ በመስኮቱ የሚታየውን ቃል በቃል አንብቦ ሳይፈቅድ አሻራውን አይስጥ። ማንበብ ለማይችል አባት ወይም እናት አንድ ንባብ የሚያውቅ ልጅ አብሮ ይሂድ።

ይህን የምናገረው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ጥፋቱ የእኔ ከሆነበት ነገር ልጀምር። በመምህርነት ዘመኔ፥ በመስከረም ወር አዲስ ልጆች ሲመጡ ስማቸውን ከአፋቸው እየሰማሁ እጽፍ ነበር። አንድ ልጅ ስሙን ስጠይቀው እናቱ የምትጠራበትን ነገረኝ፤ እኔም ጻፍሁት። አባቱ የሚጠራው ግን በሌላ ስም ነበር። ልጁ እስከ 12ኛ ክፍል እኔ በጻፍሁለት ስም ተማረ፤ የምስክር ወረቀቱም ሁሉ በዚያ ስም ሆነ። ወደ ፋይዳ ምዝገባ ሲሄድ ግን አባቱ ይዞት ሄዶ አባቱ በሚጠራው ስም አስመዘገበው። ለፈተና በሚመዘገብበት ወራት ሁለቱ ወረቀቶች ሁለት ሰው ሆኑ። ልጁ ሁለቱም ስም የእርሱ መሆኑን ለማስረዳት ምስክር ይዞ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ተመላለሰ፤ እኔም ከምስክሮቹ አንዱ ሆኜ ቆምሁ። ዳኛው «ይህን ስም ማን ጻፈው?» ብለው በጠየቁ ጊዜ «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ልጁ ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ የፈተናው ዘመን አለፈበት፤ ዓመቱንም በእርሻ አሳለፈው። እርሱ አልተቈጣኝም፤ እናቱ ግን እስከ ዛሬ በገበያ ስታገኘኝ ሰላምታዋ አጭር ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ የመጀመሪያውን ክፍል መዝገብ እንደ ቀላል ነገር አትዩት። ልጅ ሲመጣ የልደት ምስክር ወረቀት ካለው ከዚያ ገልብጡ። የልደት፥ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገራችን በሕግ የተጀመረው ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት የተወለዱት ብዙዎቹ ይህ ወረቀት የላቸውም፤ ለሌላቸው አባትና እናት አብረው ባሉበት ጻፉ። አሁን የሚወለደውን ሕፃን ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡት ለወላጆች ንገሩ፤ ያ ወረቀት ኋላ ከብዙ ድካም ያድናልና።

ሁለተኛው ስሕተት የሚገኝበት ስፍራ የልደት ቀን ነው። የኛና የአውሮጳውያን አቈጣጠር ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ በ7 ዓመት፥ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጕሜን በ8 ዓመት ይለያያል። ልጁ በጥር 21 ቀን 2000 ዓ.ም. በአስተርእዮ ማርያም ተወለደ እንበል፤ ይህ ቀን በአውሮጳውያን ዘንድ ጃንዋሪ 30 ቀን 2008 ነው። ጸሐፊው 2000ን ሳይለውጥ በአውሮጳውያን ዓምድ ቢጽፈው ልጁ በአንድ ቀን ስምንት ዓመት ያረጃል፤ 2008ን በኛ ዓምድ ቢጽፈው ደግሞ ስምንት ዓመት ወደ ሕፃንነት ይመለሳል። ያረጀው ልጅ የዕድሜ ወሰን ባለው ትምህርትና ሥራ ይከለከላል፤ ያነሰውም 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ተብሎ ባንክ ይመልሰዋል። ስለዚህ ቀኑ በየትኛው አቈጣጠር እንደ ተጻፈ መጠየቅ የእያንዳንዱ ሰው ፋንታ ነው፤ መምህሩም በሰጠው ወረቀት ላይ ሁለቱንም ቀን ይጻፍለት።

የተወለዱበትን ዘመን በቍጥር የማያውቁ አዛውንት ብዙዎች ናቸው። መዝጋቢው በግምት ከሚጽፍ፥ መምህሩ አስቀድሞ ከሽማግሎች ጋራ ተቀምጦ ቢያሰላው ይሻላል። «በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲመጣ ከብት ትጠብቅ ነበርን? መሬት ላራሹ በ1967 ዓ.ም. ሲታወጅ አግብተህ ነበርን? በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ስንት ልጅ ነበረሽ? በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የመጀመሪያ ልጅሽ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበርን?» እያሉ ቢጠይቁ፥ ዘመኑ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በማይበልጥ ልዩነት ይገኛል። ይህን ሥራ ከተማሪዎች ጋራ ብታደርጉት ደግሞ ከብዙ የታሪክ ሰዓት የሚበልጥ ትምህርት ያገኙበታል፤ እኔ ያየሁት ነው።

ስለ ስልክ ልናገር፤ በዚህ ላይ ቈይቼ ብናገር ይቅር በሉኝ፤ በገጠር ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነውና። በምዝገባ ጊዜ የስልክ ቍጥር ይጻፋል። ምዝገባው ሲጠናቀቅ የፋይዳ ቍጥሩ በአጭር መልእክት የሚመጣው ወደዚያ ስልክ ነው። ከዚያም በኋላ ባንክ ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት «ይህ ሰው በእውነት እርሱ ነውን?» ብሎ መዝገቡን ሲጠይቅ፥ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የምሥጢር ቍጥር ወደዚያው ስልክ ይላካል። ያንን ቍጥር የሚናገር ሰው ባለ መታወቂያው ነው ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ ስልክ የሌለው ገበሬ ሄዶ የባለ ሱቁን፥ የጐረቤቱን፥ ወይም በሰልፍ ያገኘውን ሰው ስልክ ቢያስመዘግብ፥ የቤቱን ቍልፍ ለዚያ ሰው ሰጠው ማለት ነው። ባለ ሱቁ ጨዋ ሰው ይሆናል፤ ነገር ግን ስልኩ ይሰረቃል፥ ይሸጣል፥ ልጁም ይጫወትበታል። ወይም ሰውዬው አገር ለቅቆ ይሄድና ቍጥሩ ሲመጣ የሚነግረን ይጠፋል።

ስለዚህ የሚቻለው ሰው ከመመዝገቡ በፊት በገዛ ስሙ ሲም ካርድ ያውጣ። በልጁ ወይም በወንድሙ ስም የወጣ ሲም የርሱ አይደለም፤ ቢጠፋ በስሙ ሊያስመልሰው አይችልም። ጨርሶ የማይቻለው ሰው በአንድ ቤት አብሮት የሚኖር የታመነ የቤተ ዘመድ ስልክ ያስመዝግብ፤ ኋላም የራሱን ባወጣ ጊዜ ወደ መመዝገቢያው ሄዶ ያስለውጥ። መምህራን ሆይ፥ ለደግነት ብላችሁ የገዛ ስልካችሁን ለ20ና ለ30 ተማሪ እንዳታስመዘግቡ እለምናችኋለሁ። ዛሬ ወደ ሌላ ወረዳ ብትዛወሩ የ30 ልጅ በር በኪሳችሁ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

በዚህ ላይ ደግሞ ቍጥሩ ሁለት ዐይነት መሆኑ ይታወቅ። አንደኛው 12 አኃዝ ያለው ነው፤ ይህ ከሰውዬው ጋራ ለዘለቄታ የሚኖር ቍጥር ነው። ሁለተኛው 16 አኃዝ ያለው ነው፤ ይህ ስለ 12ቱ ምትክ ሆኖ ለሰው እንዲሰጥና በካርድ ላይ እንዲታይ የተደረገ ነው። ይህን ለገበሬ ለማስረዳት የተቸገራችሁ እንደ ሆነ በአባቶቻችን ልማድ መስሉለት። አባቶቻችን የክርስትና ስማቸውን ለማንም አይገልጡም ነበር፤ ክፉ ሰው ስሙን ይዞ እንዳይጐዳቸው ይፈሩ ነበርና፤ ለአደባባይ ግን የዓለም ስማቸው በቂ ነበር። 12ቱ አኃዝ እንደ ክርስትና ስም፥ 16ቱ አኃዝ እንደ ዓለም ስም ይቈጠር። እስላም ወንድሞቻችን በዚህ ምሳሌ ይስቁብኝ ይሆናል፤ ነገሩን ግን እነርሱም ተረድተውታል። ቍጥር የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ሲመጣ 16ቱ የሚበቃ ከሆነ 16ቱን ብቻ ስጡ።

ቍጥሩ ብቻውን ገንዘብ አያወጣም፤ ይህን አውቆ አለመደንገጥ ይገባል። ገንዘብ የሚያወጣው ቍጥሩና በስልክ የሚመጣው ምሥጢር በአንድ እጅ ሲገናኙ ነው። ሌባውም ይህን ስለሚያውቅ ቍጥሩን ከአንድ ስፍራ፥ ምሥጢሩን ከሌላ ስፍራ ይሰበስባል። መጀመሪያ በገበያ ቀን መጥቶ «ስንዴ ልናድል ነው፥ ስማችሁንና የፋይዳ ቍጥራችሁን አስመዝግቡ» ይላል፤ ወይም ከሆነ ቦታ የተለጠፈ ዝርዝር ያገኛል። ከዚያ በሳምንቱ ይደውላል፤ ስማችሁን ከነአባታችሁ ጠርቶ፥ ቍጥራችሁንም አንብቦ ከባንክ ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ነኝ ይላል። ይህን ሁሉ ሲያውቅ የሰማ ሰው በእውነት የመንግሥት ሰው ነው ብሎ ያምናል። በመጨረሻም «አሁን በስልክህ የመጣውን ቍጥር ንገረኝ» ይላል። በዚህ ቃል ይታወቃል። ምሥጢሩን በስልክ ደውሎ ንገረኝ የሚል ሰው ከየትም ቢሆን፥ ስማችሁንም ቢያውቅ፥ አትንገሩት፤ ስልኩን ዝጉና ወደ ባንኩ በእግራችሁ ሂዱ። ይህን በትምህርት ቤት ለልጆች አስጠኑ፤ በቤት የስልኩን መልእክት ለእናትና ለአባት የሚያነቡላቸው እነርሱ ናቸውና።

የፎቶ ኮፒ ቤትም ነገር አለ። ካርዱን ሊያባዛ የሄደ ሰው ምስሉን በባለ ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ትቶት ይመጣል። ወረቀቱን ሲቀበል «ምስሉን አጥፋልኝ» ብሎ በፊቱ ማስጠፋት ነው። የተበላሸውንም ቅጂ ይዞ መመለስ ነው፤ በሱቅ ስኳር ተጠቅልሎበት የማውቀው የሰው መታወቂያ አለ።

አሁን ለመምህራንና ለርእሳነ መምህራን የምናገረው አለኝ፤ ሽማግሎቹም በመካከላችን ሆነው ይስሙ። በአንድ ትምህርት ቤት ደጅ ላይ የተማሪዎች ስም፥ የአባት ስም፥ የልደት ቀንና የፋይዳ ቍጥር በአንድ ወረቀት ተጽፎ ተለጥፎ አይቻለሁ። በላዩ ላይ «ቍጥራችሁ ትክክል መሆኑን አረጋግጡ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ደጅ አጠገብ የገበያ መንገድ ያልፍ ነበር። ደግሞም የክፍል ኀላፊዎች የተማሪዎቻቸውን ካርድ ፎቶ በቴሌግራም እንዲልኩላቸው ያዝዛሉ፤ ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል፤ ስልክ ሲበላሽ ወደ ጠጋኝ ይገባል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የልጁ ቍጥር በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ የለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ለምን እንደ ሰበሰበው እንዲያስታውቅ፥ ለዚያም ጉዳይ ብቻ እንዲሠራበትና እንዲጠብቀው ያዝዛል፤ የገጠር ትምህርት ቤት ነን ብሎ ከዚህ መውጣት የለም።

እኔ በዚህ ነገር ላይ ብዙ አስቤ የማደርገው እንዲህ ነው። ቍጥሩን በአንድ መዝገብ ብቻ እጽፋለሁ፤ መዝገቡም ቍልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ማን ከፍቶ እንዳየውም በመጨረሻው ገጽ ላይ ይጻፋል። ስም በግድግዳ መለጠፍ ባስፈለገ ጊዜ የክፍል ተራ ቍጥር እለጥፋለሁ እንጂ የመታወቂያ ቍጥር አልለጥፍም። ልጁ ቍጥሩን እንዲያረጋግጥ በአስፈለገ ጊዜ ብቻውን ጠርቼ አሳየዋለሁ። ጊዜ ይፈጃል፤ ለ200 ተማሪ ሁለት ቀን ይበቃል። ቀድሞ በወንጌሉ ኅዳግ የተጻፈውን ርስት ገበዙ በዕቃ ቤት እንዲጠብቀው ሲታዘዝ ይህ ሥራ በዛብኝ አላለም።

ስለ ጠፋ ካርድ አንድ ቃል ልጨምር። ካርዱ ቢጠፋ ቍጥሩ አልጠፋም፤ ቍጥሩ በመዝገብ ላይ አለ። ደንግጦ ሁለተኛ ምዝገባ መሄድ አያስፈልግም፤ ቢሄድም አይቀበሉትም። ካርዱን እንደ ገና ማሳተም ይቻላል። የጠፋው ስልኩ ከሆነ ግን ያን ቀን ሳይውል ሳያድር ሲሙን ማዘጋትና በራስ ስም ማስመለስ ያሻል። ስለዚህ ቍጥሩ በቤት በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ፥ የልደትና የጋብቻ ወረቀት ባለበት ሙዳይ ወይም ሣጥን ይቀመጥ፤ በስልክ ላይ ብቻ አይኑር።

የቀረኝ ምንም ወረቀት የሌለውና ሰውነቱ የደከመ ሰው ነገር ነው። እጁ በእርፍና በድንጋይ የተላጠ ገበሬ አሻራው ቶሎ አይያዝለትም፤ አስቀድሞ እጁን ታጥቦ፥ ጥቂት ቅባት ቀብቶ ጠርጎ ቢሄድና መዝጋቢውም በትዕግሥት ቢደጋግም አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል። ጣት የጐደለው ወይም ዐይኑ የጠፋ ሰውም በዚያ ምክንያት ሳይመዘገብ አይቀርም፤ የጐደለው እንደ ጐደለ ይጻፍና በቀረው ይመዘገባል፤ «አንተ አይሆንልህም» ተብሎ የተመለሰ ቢኖር መልሳችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

የቀበሌ መታወቂያም፥ የልደት ወረቀትም፥ ሌላም ማስረጃ የሌላት አሮጊት በሰው ምስክርነት መመዝገብ ትችላለች። ነገር ግን ስለ እርሷ የሚመሰክረው ሰው ራሱ አስቀድሞ የተመዘገበ መሆን አለበት። እናንተ ሽማግሎች በዚህ አገር ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ የምታውቁ ስለ ሆናችሁ፥ መዝጋቢዎቹ ወደ ቀበሌያችሁ በሚመጡበት ቀን እናንተ ማልዳችሁ በሰልፉ ፊት ቁሙ፤ እርሷ ከሰዓት በኋላ በምርኵዟ ስትደርስ ከእናንተ መካከል ቍጥር ያለው አንድ ሰው እንኳ ካላገኘች፥ በመጣችበት መንገድ ትመለሳለችና።